ሳይንቲስቶቹ የማያሸንፉበት ልብወለድ

ቅዳሜ ከሰዓት የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ኮሚናሉ ውስጥ ለተሰበሰቡ አንባቢዎች የተናገርኩት ነው። ሲጻፍ እዚህም እዚያም ተስተካክሏል፤ ወሬው ግን ያው ነው።

እንደምን ዋላችሁ። ከመሃል ከተማ ታክሲ ቀያይራችሁ እዚህ ድረስ የመጣችሁትን በተለይ አመሰግናለሁ። እንደምታዩት መብራት የለም። ስለዚህ ስላይድ የለም፣ ማይክ የለም፣ ማስታወሻዬንም የማነበው በስልክ ባትሪ ነው። ከኋላ ያላችሁ ካልተሰማችሁ እጅ አውጡ፣ እጮኻለሁ።

የማወራው ስለ አንድ የሳይንስ ልብወለድ ነው። ዘ አንድሮሜዳ ስትሬይን ይባላል። ጸሐፊው አሜሪካዊው ማይክል ክራይተን ነው፣ መጽሐፉ የወጣው በፈረንጆቹ 1969። ሰውዬውን ብዙዎቻችሁ የምታውቁት በዳይኖሰሮቹ ነው፤ ጁራሲክ ፓርክን የጻፈው እሱ ነው። ያ ግን የ1990 ሥራ ነው። ይሄኛውን ሲጽፍ ገና የሃርቫርድ የህክምና ተማሪ ነበር። ቀደም ብሎ በብዕር ስም ልብ አንጠልጣይ መጻሕፍት አውጥቷል፣ በራሱ ስም የታተመው የመጀመሪያ ልብወለዱ ግን ይሄ ነው። በዚያው ዓመት ህክምናውን ተመረቀ። ሐኪም ሆኖ ግን አንድም ቀን አልሠራም። ለእኛ ለአንባቢዎች ደግ አደረገ።

አሁን ወደ ጠቡ። መጽሐፉን እዚህ ከተዋዋስነው ሰዎች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ቅሬታ ይዘው ነው የመለሱት፦ መጨረሻው አናደደን። «ያን ሁሉ ገጽ አስሮጦን እንዲህ ብሎ ያበቃል እንዴ?» ያለኝ ሰው እዚሁ ተቀምጧል፣ አልጠቁምበትም። እኔ የመጣሁት ያንን መጨረሻ ልከላከል ነው። ስለዚህ ታሪኩን እስከ ጫፉ እናገራለሁ። ገና ላነበው ነው የምትሉ ካላችሁ ውጪ ቡና እየተፈላ ነው፣ ሹልክ ብትሉ አልቀየምም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሜሪካ ጦር ከከባቢ አየር ጫፍ ላይ ረቂቅ ተሕዋስያን ሰብስበው የሚመለሱ ሳተላይቶች ይልካል። ለሕዝብ የሚነገረው ሳይንስ ነው፤ ውስጡ ግን አዲስ የጀርም መሣሪያ ፍለጋ ነው። አንዱ ሳተላይት አሪዞና ውስጥ ፒድመንት በምትባል ሚጢጢ መንደር አጠገብ ይወርዳል። የመንደሯ ሰዎች አንስተው ይወስዱታል፣ የመንደሯ ሐኪም ይከፍተዋል። በዚያው ሌሊት መንደሯ ታልቃለች። ደማቸው በደም ሥራቸው ውስጥ ረግቶ፣ ደርቆ፣ ዱቄት ሆኗል። አብዛኞቹ በቆሙበት ነው የወደቁት። የተረፉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንድ ሽማግሌና አንድ የሚያለቅስ ህፃን።

ከዚያ አራት ሳይንቲስቶች ተጠርተው ኔቫዳ በረሃ ውስጥ ወደተቀበረ ላብራቶሪ ይገባሉ። አምስተኛውም ተጠርቶ ነበር፤ ትርፍ አንጀት ይዞት ሆስፒታል ቀረ። (ይቺን ነገር ወደድኳት። ዓለም ልትጠፋ ነው፣ ሰውዬው ትርፍ አንጀት ይዞታል።) ላብራቶሪው ከላይ ሲታይ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ነው፤ ከሥሩ ወደታች አምስት ፎቅ አለው። በየፎቁ ይታጠባሉ፣ ልብስ ይቀይራሉ፣ ይመረመራሉ። ከሁሉም በታች ደግሞ አቶሚክ ቦምብ አለ። ጀርሙ ካመለጠ ሁሉም ነገር አብሮ እንዲጋይ። ቦምቡን የሚያስቆመው ቁልፍ የተሰጠው ሚስት ለሌለው ለዶክተር ሆል ነው፤ ያላገባ ሰው በእንዲህ ዓይነት ሰዓት የተሻለ ይወስናል ተብሎ። ያገባችሁ ተናገሩ፣ እኔ ምንም አልልም።

እኔ ሙያዬ የህክምና ላብራቶሪ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ የያዘኝ ሬሳዎቹ ጋ አይደለም፤ ሽማግሌውና ህፃኑ ጋ ነው። ለምን ተረፉ? ይሄ ጥያቄ የመጽሐፉ ልብ ነው። ሽማግሌው የጨጓራ ቁስለት አለበት፤ ደም ያስተፋዋል። ለህመሙ አስፕሪን እፍኝ እፍኝ ይውጣል። (በነገራችን ላይ አስፕሪን ጨጓራን ያብሳል፤ ጨጓራ ያላችሁ እንዳትሞክሩት።) ይሄ አልበቃ ብሎት ለምግብ ማሞቂያ የሚነድ በቆርቆሮ የሚሸጥ ነገር ጨምቆ ይጠጣል፤ ውስጡ ሜታኖል ነው። ህፃኑ ግን ምንም የለበትም። ጤነኛ፣ ጥጋበኛ፣ አልቃሻ።

ሐኪሙ ሆል ቀን ሙሉ የሁለቱን ተመሳሳይነት ሲፈልግ ይውላል። እዚህ ጋ መጽሐፉን ዘግታችሁ ራሳችሁ ብታስቡት ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም መልሱ የተደበቀ አይደለም፣ ፊት ለፊት ነው ያለው። ደማችን አሲድም ቤዝም እንዳይበዛበት ሰውነታችን ሌት ተቀን ይጠብቀዋል። ፒኤች በሚባለው መለኪያ የጤነኛ ሰው ደም ከ7.35 እስከ 7.45 ነው። ጠባብ ነው፤ ከዚያ ብዙ ከራቀ ሰውየው የለም። ሽማግሌው በአስፕሪኑና በሜታኖሉ ደሙን ወደ አሲድ ጎትቶታል። ህፃኑ ደግሞ ሲያለቅስ፣ ትንፋሽ በትንፋሽ ላይ ሲደርብ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አስወጥቶ ደሙን ወደ ሌላው ጫፍ ገፍቶታል። የክራይተን ጀርም መኖር የሚችለው ከ7.39 እስከ 7.43 ባለው ውስጥ ብቻ ነው። ማለትም ጀርሙ የሚመቸው ጤነኛ ሰው ብቻ ነው! መንደሩ ሁሉ ደህና ስለነበረ ሞተ። ሰካራሙና አልቃሻው ልካቸውን ስላልጠበቁ ተረፉ።

ጀርሙ በርግጥ የፈጠራ ነው። ኬሚስትሪው ግን እውነተኛ ነው፤ አስፕሪን ሲበዛ ደም አሲድ ይሆናል፣ ሜታኖልም እንደዚያው፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስም ተቃራኒውን ያመጣል። ነርስ የሆነችው እህታችን ራሷን እየነቀነቀች ነው፣ ጥሩ ምስክር አገኘሁ። በልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ ውስጥ ምስጢሩ የሚፈታው አብዛኛውን ጊዜ ጸሐፊው ኪሱ በደበቀው ነገር ነው። እዚህ የሚፈታው ማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በሚማረው ኬሚስትሪ ነው። ለእኔ ከዚህ በላይ አንባቢን ማክበር የለም።

ሁለተኛው የምወደው ቦታ ደወሉ ነው።

ሳይንቲስቶቹ ፒድመንት በአቶሚክ ቦምብ እንድትመታ ይጠይቃሉ። ፕሬዝዳንቱ ያመነታል፣ ለጊዜው ይቆይ ይላል። መልእክቱ ላብራቶሪው ውስጥ ባለው ቴሌፕሪንተር፣ ከሩቅ የተላከ ጽሑፍ በወረቀት ጥቅል ላይ በሚያትም ማሽን፣ ይደርሳል። እንዲህ ዓይነት መልእክት ሲመጣ ደወል መጮኽ አለበት። አልጮኸም። ለምን? ከወረቀቱ ጥቅል ጠርዝ ላይ አንዲት ቅዳጅ ተላጥጣ በደወሉና በመምቻው መሃል ገብታለች። አበቃ። በዓለም ላይ ውዱ ላብራቶሪ፣ አምስት ፎቅ ከመሬት በታች፣ በወረቀት ብጣሽ ደንቆሮ ሆነ። የቡድኑ መሪ ስቶን መንደሯ ተመትታለች ብሎ ነው ሥራውን የሚቀጥለው።

ይሄን ሳነብ ሳቄ መጣ። አንድ ጊዜ እሠራበት የነበረ ቦታ የኬሚካል ማስቀመጫ ፍሪጅ ነበረን። ሙቀቱ ከልኩ ሲያልፍ ይጮኻል። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ይጮኻል፣ በር ትንሽ ሲከፈት ይጮኻል፣ እንዲያው ሲያሰኘውም ይጮኻል። አንድ ሰኞ ጠዋት ገብቼ ሳይ ፍሪጁ ጭጭ ብሏል። ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ድምፅ ግን የለም። ጎንበስ ብዬ ሳይ ድምፅ ማውጫዋ ቀዳዳ ላይ ፕላስተር ተለጥፎበታል። የቁስል ፕላስተር! ደግሞ በመቀስ፣ በሥርዓት፣ ጠርዙ እኩል ተደርጎ ተቆርጦ። የሠራው ሰው እጁ ጥሩ ነው፣ ምናልባት ሌሊቱን ሙሉ ተረኛ ሆኖ ጩኸቱ እንቅልፍ የነሳው ሰው ነው፣ ከልቤ ልቆጣው አልቻልኩም። ኬሚካሉ ግን ተጣለ።

ወደ መጽሐፉ። ስቶን ቦምቡ እንዳልተጣለ ዘግይቶ ሲሰማ ያብዳል። ትንሽ ቆይቶ ግን የጀርሙ ባህርይ ይታወቃል፤ ጉልበትን እንዳለ ወደ ራሱ ሰውነት የሚቀይር ነገር ነው። ቦምብ ቢጣልበት ግብዣ ነበር። ያ ሁሉ ጉልበት ምግቡ ሆኖ በአንድ ጊዜ ተራብቶ መድረሻ ያጣል። ዓለምን ያዳናት እንግዲህ የፕሬዝዳንቱ ማመንታት ነው። የሊቃውንቱ ምክር ቢሰማ ኖሮ ሁላችንም ጠፍተን ነበር። እና ያ እግራቸው ሥር ያለው ቦምብስ? ለጥንቃቄ የተቀበረው? እሱም ያው ነው። ይሄን ሲረዱ መጽሐፉን የያዘው እጄ አልቦታል።

ሦስተኛው ሌቪት ነው። ከአራቱ አንዱ። የሚጥል በሽታ አለበት፣ ለማንም አልተናገረም። ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ መብራት ሲያይ ይጥለዋል፤ ላብራቶሪው ደግሞ አደጋ ሲኖር የሚያስጠነቅቀው በምን መሰላችሁ? በትክክል። ፈረንጆቹ አንባቢዎች ይሄን የሴራ ማወሳሰቢያ አድርገው ሊያልፉት ይችላሉ። እኛ ግን ይሄን ሰውዬ እናውቀዋለን። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ለምን እንደሚደብቅ ለእናንተ አልነግርም። ታክሲ ውስጥ አንድ ልጅ ሲወድቅ ሰው ሁሉ ሸሽቶ፣ አንዱ ብቻ ክብሪት እየጫረ አፍንጫው ሥር ሲያደርግ አይታችኋል። ለነገሩ ክብሪቱ ምንም አይጠቅምም፤ በጎኑ አስተኝቶ ጭንቅላቱ እንዳይጋጭ መያዝ ነው የሚጠቅመው። ሌቪት የደበቀው ቢናገር ከሥራው ስለሚገፉት ነው። መጽሐፉ አይፈርድበትም፣ አያዝንለትምም። እንዲሁ ያሳየናል።

አሁን ደግሞ ወቀሳ።

ሰዎቹ ሰው አይደሉም። ስቶን ጎበዝ ነው፣ ቡርተን ዝርክርክ ነው፣ ሆል ቀዶ ሐኪም ነው፤ ከዚህ በላይ ስለነሱ የማውቀው የለም። ምን እንደሚያስቃቸው አላውቅም። ሴት ልጅ የለችም ማለት ይቻላል፤ አንድ ሁለት ረዳት፣ አለቀ። ሌላው፣ ተራኪው «በኋላ እንደታወቀው ይሄ ከባድ ስህተት ነበር» የምትል አባባል ሱስ ሆናበታለች። መጀመሪያ ላይ ትሠራለች፣ ያስጨንቃል። በኋላ ግን ጨረታ ላይ እንዳለ ሻጭ «አንድ ቀረ፣ አንድ ቀረ» የሚል ሆነብኝ። የውሸት ሰነዶቹን ግን እወዳቸዋለሁ፦ ከኮምፒውተር የወጣ የሚመስል ህትመት፣ ካርታ፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ እውነተኛና የፈጠራ ጽሑፎች የተቀላቀሉበት የማጣቀሻ ዝርዝር። አንድ ጓደኛዬ ፒድመንትን ካርታ ላይ ሲፈልግ ያዝኩት።

መጽሐፉ በወጣበት ዓመት፣ በሐምሌ ወር፣ አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ አረፈ። ጠፈርተኞቹ ሲመለሱ ምናልባት የጨረቃ ጀርም ይዘው እንደሆነ ተብሎ ለ21 ቀን ተገልለው እንዲቆዩ ተደረገ። ዝግጅቱ እንደ ልብወለዱ ነው፤ ልዩ ላብራቶሪ፣ የታሸገ ክፍል፣ ሁሉ ነገር። ግን መንኮራኩራቸው ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ሲያርፍ ሰዎቹን ለማውጣት በሩ እዚያው ባሕሩ ላይ ተከፍቷል። ጀርም ቢኖር ኖሮ በዚያች ደቂቃ ወጥቶ ሄዷል። ጨረቃ ላይ ሕይወት ባለመኖሩ ብቻ ዳንን። ከአፖሎ 14 በኋላ ማግለሉን ተዉት። ክራይተን የፈጠረው የወረቀት ብጣሽ ከዚህ በር የባሰ አይደለም።

«ይሄ የፈረንጅ ጣጣ ነው፣ እኛን ምን አገባን» የምትሉ ካላችሁ፣ እኛም ሳተላይት አምጥቀናል፣ ረስታችሁት ነው። ስሙ ኢቲአርኤስኤስ-1 ነው። ታህሳስ 10 ቀን 2012 ከቻይና ተተኮሰ፤ መቆጣጠሪያ ጣቢያው እዚህ እንጦጦ ላይ ነበር። ኮሮና ደግሞ አገራችን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። ሳተላይት በታህሳስ፣ ወረርሽኝ በመጋቢት! ክራይተን በሕይወት ቢኖር ይሄን አይቶ ዝም አይልም ነበር። (በ2008 በፈረንጆቹ ነው የሞተው።) ግንኙነት እንደሌላቸው ግልጽ ነው፣ ፌስቡክ ላይ እንዳትጽፉት።

ያኔ እዚህ ሰፈር እንዴት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በየብሎኩ መግቢያ ቧንቧ የተተከለበት ጄሪካን፣ ከሥሩ ሳሙና በክር ታስሮ። ውሃ በፈረቃ ነው፣ እጃችሁን ቶሎ ቶሎ ታጠቡ ደግሞ ይባላል። ነጭ ሽንኩርት ዋጋው ጣራ ነካ። ጤናዳምና ዳማከሴ ፍለጋ ሰው የጎረቤቱን ጓሮ ጨረሰ። የልብወለዱ ሰዎች ችግራቸው የተትረፈረፈ መሣሪያ ነበር፤ የኛ የሳሙና ክር ነበር። ግን ሁለቱም ጋ ዋናው ነገር አንድ ነው፦ የሚሠራው ሰው ምን እንደገጠመው ሳያውቅ መሥራት ግድ ሆኖበታል።

እንግዲህ መጨረሻው።

ጀርሙ ያመልጣል። ቡርተን ያለበት ክፍል ይበከላል፣ በሩ ይቆለፍበታል፣ ሁላችንም ሞቱን እንጠብቃለን። አይሞትም። ሆል በትንፋሹ፣ በደሙ ፒኤች ሊያድነው ይሞክራል፤ ኋላ ሲታይ ግን አብሮት ክፍሉ ውስጥ የነበረችው አይጥም አልሞተችም። ጀርሙ ራሱ ተቀይሯል። ሰው መግደል ትቷል። አሁን የሚበላው የበሮቹን ላስቲክ ነው። ማንም አላሸነፈውም፣ መድኃኒት አልተገኘለትም። በቃ ሌላ ነገር ሆነ።

«ተሸወድን» ያላችሁት እዚህ ጋ ነው። እስቲ ህዳር 12ን አስቡ። በዚያ ቀን ጠዋት ይሄ ሰፈር በጭስ ይታፈናል፣ ልጆች ቆሻሻ ሰብስበው ያቃጥላሉ፤ ህዳር ሲታጠን። አያቶቻችን የሚያያይዙት ከህዳር በሽታ ጋር ነው። በ1911 ህዳር አዲስ አበባ ውስጥ ስንቱን የጨረሰ፣ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው የተረፉበት፣ በዓለም ዙሪያ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የ1918ቱ ኢንፍሉዌንዛ የሚባለው ነው። ማን አሸነፈው? ማንም። የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ በላብራቶሪ የተለየው በፈረንጆቹ 1933 ነው፤ በሽታው ካለፈ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ። ሰዉ ጭሱ አባረረው አለ። የሞተው ሞቶ፣ የተረፈው አካሉ ለምዶት፣ ቫይረሱም እየተቀያየረ፣ ዘሩ በየዓመቱ የሚመላለስ ጉንፋን መሰል ነገር ሆነ። የክራይተን መጨረሻ ማለት ይሄ ነው። እኛ ልብወለድ ውስጥ ጀግና መርፌ ይዞ እንዲደርስ ለምደናል። ክራይተን ህክምና ተምሮ ነው የጻፈው፤ አብዛኛው ወረርሽኝ ታሪክ ውስጥ እንዴት እንደቆመ ያውቃል።

ማታለሉ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ላስቲኩ ሲበላ ላብራቶሪው አደጋ ነው ብሎ ቦምቡን ያስነሳል። ሆል ቁልፉን ይዞ፣ የሚያደነዝዝ መርፌ እየተተኮሰበት፣ በላብራቶሪው መሃል ባለው ቦይ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሰዓቱ ወደታች ይቆጥራል፣ ሰከንዶች ሲቀሩ ይደርሳል። ያን ያህል ገጽ በደም ፒኤች ያስጨነቀኝ ሰው በመሰላል ሩጫ ሊያስጨንቀኝ ሞከረ። እንደሚደርስ እኮ አውቃለሁ! ሁሌም ይደርሳሉ። ሐሳቡ ጎበዝ ነው፣ መከላከያው ራሱ ጠላቱን ሊመግብ ነው፤ ግን ይሄን ለመናገር መርፌ የሚተኩስ ግድግዳ አያስፈልግም ነበር። መቀስ ቢሰጠኝ የምቆርጠው እሱን ነው፣ የተቀየረውን ጀርም አይደለም።

እናም ከሩጫው በኋላ ያለችውን አጭር ምዕራፍ ሳታነቡ እንዳትዘጉት። ጀርሙ ወደ ላይኛው ከባቢ አየር ወጥቷል፣ ለሰው «የማይጎዳ» ሆኗል ተብሏል። ሰው የጫነ መንኮራኩር ሲመለስ ከሙቀት የሚከላከለው ሽፋኑ ተበልቶ ይቃጠላል። የማይጎዳ የሚባለው እንግዲህ ይሄ ነው።

ጥያቄ ላይ አንድ ጋሼ «ፊልሙስ?» ብለውኛል። አለ፣ ጋሼ፣ በፈረንጆቹ 1971 የተሠራ፣ ሮበርት ዋይዝ ያዘጋጀው። ቀስ ያለ ነው፣ ለዛሬ ልጆች ይረዝማል። ግን አንድ ነገር ከመጽሐፉ በልጧል፦ ሌቪትን ሴት አድርገውታል። ዶክተር ሩት ሌቪት፤ ነጭናጫ፣ መነጽራም፣ ምላሷ የማያርፍ፣ ምቾት የማይሰጣት። በሽታዋን ስትደብቅ ለምን እንደምትደብቅ ፊቷ ላይ ይነበባል። ከመጽሐፉ አራት ወንዶች ድምር የበለጠ ሰው ናት።